የሁለተኛው አጋማሽ ልጆች

ቁጡ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ክብሪት ሳይጫርብህ ነው የምትነደው» ትለኛለች። ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ አዳማ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ጋራዥ አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ጠዋት ግን እዘጋትና ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ከአስራ ሦስት ዓመት በታች ልጆችን ኳስ አሰለጥናለሁ። ደመወዝ የለውም፣ ማንም አልቀጠረኝም። ሜዳ የምለውም እንዲያው ለወጉ ነው፤ በበጋ ንፋሱ ሲነሳ አቧራው በረኛውን ይሰውረዋል፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው ታኬታ ያወልቃል።

ቡድኑን ያቋቋምነው ሁለት ሆነን ነው። ሁለተኛው ሰው ጓደኛዬ ነው። ጓደኛ ስል እንዲሁ የሰላምታ አይምሰላችሁ፤ ወንጂ በአንድ ካምፕ ውስጥ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ክፍሎች ነው ያደግነው። ሳገባ አንደኛ ሚዜዬ እሱ ነበር። ልጄንም ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። የሂሳብ መምህር ነው፤ ሲናገር አፉ ማር ነው። እኔ ልጆቹ ላይ ስጮህ እሱ ከኋላ መጥቶ ያባብላል። «አንተ ትገርፋለህ፣ እኔ እዳብሳለሁ» እያለ ይቀልድብኛል። ልጆቹ እኔን ይፈራሉ፣ እሱን ይወዳሉ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ይሄ አንዳንዴ ያስቀናኝ ነበር።

የቡድናችን ሕግ አንዲት ናት፤ እሷም ልጆች ሳለን ከደረሰብን ነገር የመጣች ናት። አስራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነን የሰፈራችን ቡድን ለውድድር ሻሸመኔ ሲሄድ እኛም አይሱዙ ጀርባ ላይ ተጭነን ሄድን። አባቴ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። ልጄ ሲጫወት ልይ ብሎ አለቃውን ፈቃድ ለምኖ፣ በራሱ መንገድ ሻሸመኔ ድረስ መጣ። ሦስት ጨዋታ ተደረገ። እኔና ጓደኛዬ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልገባንም። አባቴ ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ፀሐዩን በካርቶን ተከልሎ፣ ሦስቱንም ጨዋታ ተመለከተ። ሲያልቅ ማሊያዬን አየና «ንጹሕ ነው፤ እናትህ ማጠብ የለባትም» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስንመለስ ጓደኛዬ ከጎኔ ተቀምጦ «እኛ ቡድን ሲኖረን ሁሉም ይጫወታል» አለኝ። እሱ ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

ስለዚህ ቡድን ሲኖረን እንዲህ አደረግን። ሃያ ሁለት ልጆች ያዝን። አስራ አንዱ የመጀመሪያውን አጋማሽ ይጫወታል፣ አስራ አንዱ ሁለተኛውን። ሁለቱንም የሚጫወት የለም፤ ሁለቱንም የሚቀመጥም የለም። በታዳጊዎች ጨዋታ ተቀያሪ ስለማይቆጠር ዳኛም አይከለክለንም። ማን በየትኛው አጋማሽ እንደሚገባ የሚወስነው ዕጣ ነው። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስበን ግማሾቹን ውስጣቸውን ቀይ ቀባናቸው። ከጨዋታ በፊት የኔ አሮጌ ባርኔጣ ውስጥ ይጨመራሉ፣ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወጣሉ። ቀይ የደረሰው ይጀምራል፣ ያልደረሰው ሁለተኛውን ይጠብቃል። ሁለቱ በረኞች ለብቻቸው ያወጣሉ፤ ይቺን እንኳ ያስተካከልናት ሁለቱም በአንድ አጋማሽ ገብተው ግማሹን ጨዋታ ያለ በረኛ ከጨረስን በኋላ ነው።

ዕጣ ደግሞ ጉድ ያመጣል። ተከላካዮቹ ሁሉ አንድ ላይ ወጥተው አጥቂ የጠፋበት ቀን አለ። ግራ እግረኞቹ በሙሉ በአንድ አጋማሽ ተከማችተው ቡድኑ እንደ ተጣመመ ጋሪ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለበት ቀን አለ። ብዙ ተሸነፍን፣ ኧረ ምን ብዙ ብቻ! ግን አንድም ልጅ ንጹሕ ማሊያ ለብሶ ወደ ቤቱ አልሄደም። ልጅ ማለት ለዕጣ ይገዛል፤ አሰልጣኝ ሲያስቀምጠው ያኮርፋል፣ ዕጣ ሲያስቀምጠው ግን «ቀጣይ የኔ ነው» ብሎ ውሃ ያቀብላል።

አኩራፊው ወላጅ ነበር። በተለይ አንድ ከአርሲ ነገሌ እህል እያመጣ የሚነግድ አባት ነበር፤ ልጁ ከቡድናችን ሁሉ የላቀ አጥቂ ነው፣ አብዶ ሲሠራ ተመልካቹን ሁሉ ያስቃል። አባትየው ጋራዤ ድረስ መጥቶ «ወንድሜ፣ ይሄ ኳስ ነው ወይስ እቁብ? የኔ ልጅ ሁለት ጎል አግብቶ ይወጣል፣ የባጃጅ ሹፌሩ ልጅ ደግሞ ገብቶ ንፋስ ይመታል። ይሄ ፍትሕ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ነው» አልኩት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» ብሎኝ ሄደ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ተከትሎት ወጣና ትከሻውን አቅፎ ሲያነጋግረው አየሁ። አበረደልኝ ብዬ አመሰገንኩት። ምን እያለ እንደሚያበርድ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

የኔም ልጅ ከሃያ ሁለቱ አንዱ ነው። ኳስ አይችልም። አባት ሆኜ ስናገረው ያመኛል እንጂ እውነቱ እሱ ነው፤ ኳስ ወደሱ ስትመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ግን ግማሹን እንዴት እንደሚወዳት! ዓርብ ማታ ማሊያውን ትራሱ ላይ ዘርግቶ ነው የሚተኛው።

አምና በአካባቢው ከተሞች መካከል በተደረገ የታዳጊዎች ውድድር ላይ ዕጣው ምን እንደነካው እንጃ፣ ደግ ሆነልን። ሞጆን አንድ ለባዶ አሸነፍን። መቂን በፍጹም ቅጣት ምት ጣልን፤ የመጨረሻዋን ምት ያስገባት የባጃጅ ሹፌሩ ልጅ ነው፣ ያ ንፋስ ይመታል የተባለው። እኔ ሜዳ ውስጥ ገብቼ ተንከባለልኩ። ለዋንጫ ደረስን፤ ባቱ ላይ፣ ከባቱ ልጆች ጋር፣ እሁድ ጠዋት።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ሞተ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት እኔ ዘንድ ነበር የሚኖረው። ሲታመም ከርሞ ስለነበር ድንገት ነው አልልም፣ ግን ለአባት ሞት ማን ይዘጋጃል? ዓርብ ቀበርነው። ጓደኛዬ እንደ ወንድም ነው የሆነልኝ፤ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ወንበር ያስመጣው፣ ከዕድር ሰዎች ጋር የተነጋገረው፣ እኔ መቃብሩ ላይ ስንገዳገድ ከብብቴ የያዘኝ እሱ ነው። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለኋላው ነው። ክፉ ሰው ቢሆንማ ምን ያበሳጨኛል? ክፉ ሰው የሠራህን ነገር ረግመህ ትተኛለህ።

ቅዳሜ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «የነገውን እንተወው እንዴ?» አለኝ በጆሮዬ።

«ኧረ በጭራሽ! አባቴ ኳስ ይወድ ነበር። ልጆቹ ግማሽ ግማሻቸውን ይጫወቱ» አልኩት። ልጄም እንዲሄድ ፈቀድኩ። አንድ ሽማግሌ አጎቴ ከገጠር ለልቅሶ መጥተው ነበር፤ «በአያቱ ሠልስት ቀን ኳስ? ዘመኑ ከፋ» አሉ። «አያቱ ናቸው የሚልኩት፣ ይተዉት አባባ» አልኳቸው። ባርኔጣውንና ቆርኪዎቹን ከቤት አስወጥቼ ለጓደኛዬ በእጁ ሰጠሁት።

«ዕጣውን አደራ» አልኩት።

«እኔ እያለሁልህ? አታስብ» አለኝ።

እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ድንኳኑ በሠልስት እንግዳ እንደተሞላ፣ ከሩቅ የሚኒባስ ጥሩንባ ተሰማ። መንገዳችን ጋ ሲደርስ ዝም አለ፤ ለልቅሶው ክብር መሆኑ ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ ማሊያቸውን እንደለበሱ። እንደ ትልቅ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ገቡና አግዳሚው ላይ በተርታ ተቀመጡ። ጓደኛዬ በነጠላው የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ፊቴ መጥቶ ገለጠው። ዋንጫ ነው!

«እግዚአብሔር ያጽናህ። ልጆችህ ያመጡልህ ማጽናኛ ነው» አለኝና እጄ ላይ አኖረው።

መቃብሩ ላይ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩት። ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ፣ ሽማግሌው አጎቴ ሳይቀሩ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ባሕርዬ ነውና ድንኳን ውስጥ መሆኔን ረስቼ «ይኸው! ግማሽ ግማሽ ተጫውተው ነው ያሸነፉት! በዕጣ ነው ያሸነፉት! እቁብ ነው ሲሉኝ የነበሩ የት አሉ?» ብዬ ጮህኩ። ጓደኛዬ «ሁሉም የድርሻውን አድርጓል» አለና ቀና ብሎ አላየኝም። ደክሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። እንዴት ነበርክ? «ጥሩ ነበርኩ ኮች።» አንተስ? «ጥሩ ነበርኩ።» የባጃጅ ሹፌሩ ልጅ አንድ ኳስ ከግብ መስመር ላይ እንዳወጣ ነገረኝ። የኔ ልጅ ደግሞ ጉልበቴ ላይ እጁን አድርጎ፣ «ሁለተኛው አጋማሽ ነው የደረሰኝ። ከማዕዘን የመጣ ኳስ በግንባሬ መለስኩ፤ ዓይኔን ሳልጨፍን» አለኝ። ማሊያው ንጹሕ ነበር። አየሁት እኮ! በዓይኔ አይቼ «ባቱ ሜዳው ሳር አለው» ብዬ ለራሴ መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። ዋንጫውን ጋራዥ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። መብራት ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ፣ ባትሪ ሊያስሞላ የመጣውን ሁሉ ቁጭ አድርጌ ሰበክሁት። ስለ ዕጣው፣ ስለ ቆርኪው፣ ስለ ልጄ ግንባር። ያ የእህል ነጋዴ ራሱ መጥቶ እጄን ጨብጦ «ሕግህ ሠራ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። ሰውዬው ልቡ ተመለሰ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ሰውዬው እየሳቀብኝ ነበር። ያን ጊዜ አዳማ ውስጥ ነገሩን የማላውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ ማክሰኞ ከባቱ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ዲናሞው አልሞላ ብሎት ጋራዤ ገባ። «አካም ጂርታ?» ተባብለን ሥራ ጀመርኩ። እሱ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ዋንጫው ላይ ዓይኑ አረፈ።

«ይቺ የኛ ልትሆን የነበረችው አይደለችም እንዴ?» አለ እየሳቀ። ልጁ በባቱ ቡድን ውስጥ ተጫውቷል ለካ። «የናንተ ልጆች ግን ምን አብልታችኋቸው ነው? በዚያ ፀሐይ አንድም ሰው ሳይቀየር!»

«ተሳስተሃል ወንድሜ» አልኩት፣ ኩራቴ ግጥም ብሎ። «እኛ ከእረፍት በኋላ አስራ አንዱንም ነው የምንቀይረው።»

«ኧረ ወዲያ! አንድም አልቀየራችሁም። እኔ እዚያው ነበርኩ።»

ቁጣዬ መጣ። ዲናሞውን አስቀምጬ ተነሳሁ። ሰውዬው ግን ክርክር አላማረውም፤ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ከፈተልኝ። ሁለተኛው አጋማሽ ነው፤ ሲጀመር ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ይሰማል። የእህል ነጋዴው ልጅ ኳስ እየገፋ ይሮጣል። እሱ እኮ የመጀመሪያው አጋማሽ ልጅ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ በመጀመሪያው እንደተጫወተ ነግሮኛል። ቀረጻው ወደ ሜዳው ዳር ዞረ። አስራ አንድ ልጆች መሬት ላይ በተርታ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። አራተኛው የኔ ልጅ ነው። ከጀርባቸው ጓደኛዬ ቆሟል፤ ፀሐይ ሆኖበት የዕጣውን ባርኔጣ ራሱ ላይ ደፍቶታል።

ያን ባርኔጣ ሳይ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ከአባቴ ሞት ይልቅ አመመኝ። ኃጢአት ይሁንብኝ፣ ግን እውነት ነው። ሞት ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ይሞታል። ይሄ ግን ይደረግብኛል ብዬ አስቤው አላውቅም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በር ላይ ጠበቅሁት። ላለመጮህ ከንፈሬን ነክሼ «ባቱ ላይ ስንት ደቂቃ ተጫወትክ?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቦርሳውን ሳያወርድ ማልቀስ ጀመረ።

እየተቆራረጠ ነገረኝ። ወደ ባቱ ሲሄዱ መቂ ከተማን እንዳለፉ ጓደኛዬ ሚኒባሱ ውስጥ ቆሞ «ኮቻችሁ አባቱን ቀብሮ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ ዋንጫ ይዘን ብንገባለት ሐዘኑ ይቀልለታል። ለኮች ሲል ግማሹን የሚሰጥ ማነው?» አላቸው። ከዚያ ስም ጠራ። አንተ ትሰጣለህ? አንተስ? አንተስ?

«የማንን ስም ጠራ? የሁሉንም?»

«የኛን። የማንችለውን» አለኝ ልጄ።

«ማን ነው መጀመሪያ እጁን ያወጣው?»

«እኔ ነኛ። ያንተ ልጅ እኔ፤ እኔ ካላወጣሁ ማን ያወጣል?»

ጨዋታውን ሲጨርሱ ደግሞ፣ ነገሩ ለኔ ከተነገረኝ ደስታዬ እንደሚበላሽ አስረድቷቸዋል። ትልቅ ሰው ምስጢር ይጠብቃል ብሏቸዋል። ምን ብለው እንደሚመልሱልኝም መንገድ ላይ አለማምዷቸዋል፤ ማን ኳስ ከመስመር እንዳወጣ፣ ማን በግንባሩ እንደመለሰ። ዓይኔን ሳልጨፍን የምትለዋን ግን ልጄ ራሱ ነው የጨመራት። እንዳላመንኩት የሚያሳይ አንድም ነገር አላደረግሁም ነበር፤ አምኜው ነበር እኮ። ለስንት ሰው ነገርኩት!

ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ «ና ግባ፣ ቡና ቀርቧል» አለችኝ፤ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሱ ፊቴን እንዳየ ገባው። ወጣና አጥሩ ጋ ቆምን።

«ማን ነገረህ?» አለኝ። መጀመሪያ ያለው ይሄን ነው።

«በአባቴ ሬሳ ለመንካቸው!» አልኩት። ጎረቤት ይሰማል አላልኩም። «ሐዘኔን ይዘህ ሄደህ ልጆቹን ግማሻቸውን ነጠቅካቸው! የኔን ልጅ በኔ ላይ ውሸት አስጠናኸው!»

«አላጽናናሁህም?» አለኝ ረጋ ብሎ። ያ ረጋ ማለቱ ነው የሚያሳብደኝ። «ዋንጫውን አቅፈህ ስታለቅስ አላየሁህም? ስንት ዓመት በሕግህ ስንሸነፍ ዝም አልኩህ። አንድ ቀን ልጆቹ ቢያሸንፉ ምን አለበት? አንድም ልጅ አልተከፋም። ወደው ነው የሰጡት።»

«ወደው? አስተማሪያቸው በስማቸው እየጠራ፣ የሞተ ሰው ስም አንስቶ ሲጠይቃቸው የትኛው ልጅ ነው እምቢ የሚለው? አንተ ብትሆን ትል ነበር?»

ጥያቄዬን ዘሎ «አንተ የምትወደው ልጆቹን አይደለም፤ ሕግህን ነው» አለኝ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። መውደቁንስ ሰው ይነሳል፤ እኔን የገረመኝ ፈረሱ ከጣለኝ በኋላ ቆሞ ስለ አቀማመጤ ማስተማሩ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ሜዳዬ እንዳትደርስ» አልኩት። ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህች ዓረፍተ ነገር አለቀ። ሚስቱ በር ላይ ሆና ስታለቅስ ትታየኝ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። የማስበው ስለነዚያ አስራ አንድ ልጆች ነበር። ተዘርፈዋል፣ መመለስ አለበት፤ ሌላ ነገር አይታየኝም። ቅዳሜ የመልካሳ ልጆች ለወዳጅነት ጨዋታ ሊመጡ ቀጠሮ ነበረን። ልጆቹን ሰብስቤ «ሁሉንም አውቄያለሁ» አልኳቸው። ሃያ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። «ዛሬ ዕጣ የለም። ባቱ የተቀመጣችሁት አስራ አንዳችሁ ዛሬ ሁለቱንም አጋማሽ ትጫወታላችሁ። ባቱ የተጫወታችሁት ትቀመጣላችሁ። በቃ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። የኔ ድምፅ መቼ ዝቅ ብሎ ያውቃል?

የመልካሳ ልጆች ጠንካሮች ናቸው። ንፋሱም ለነሱ አዳላ፣ አቧራውን ፊታችን ላይ ያራግፈዋል። ለእረፍት ሲወጡ ሦስት ለባዶ ነበር። የኔዎቹ እንዲህ ረጅም ሰዓት ተጫውተው አያውቁም፤ ግማሽ ነው የለመዱት። ሁለተኛው ሲጀመር እግራቸው አልታዘዝ አለ። አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ። የእህል ነጋዴው ልጅ ከተቀመጠበት ተነስቶ መጣና «ኮች፣ ልግባላቸው?» አለኝ።

«ተቀመጥ! ይሄ የነሱ ድርሻ ነው!» አልኩት።

የባጃጅ ሹፌሩ ልጅ መሐል ሜዳ ላይ ጎንበስ ብሎ አስመለሰ። ጠርጎ ቀጠለ። ከግቡ ጀርባ፣ ከድንጋይ አጥሩ ወዲያ፣ ጓደኛዬ ቆሞ አየሁት። ሜዳዬ እንዳትደርስ ብዬው ስለነበር አጥሩን አላለፈም። «ኧረ ስለ እግዚአብሔር! ልጆቹን ቀይራቸው!» ብሎ ጮኸ። በሕይወቱ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጀርባዬን ሰጠሁት። ስድስተኛው ገባ፣ ሰባተኛው ገባ። አልቀየርኩም፤ እሱ ባይጮህ ኖሮ ምናልባት እቀይር ነበር።

ፊሽካው ሲነፋ አስራ አንዱም ተጎትተው ወደኔ መጡ። ልጄ ከፊት ነው። ፊቱ አቧራ ለብሶ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ማሊያው ከደረቱ እስከ ጫፉ ቆሽሿል። ፊቴ ቆመ፣ አስሩ ከኋላው ቆሙ።

«አባዬ፣ ስለዋሸንህ ነው አይደል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«የቀጣኸን።»

ሌሎቹም መልሴን እየጠበቁ ነው። «ቅጣት አይደለም ልጄ። የተወሰደባችሁን ልመልስላችሁ ብዬ ነው» አልኩት።

«አልተወሰደብንም እኮ» አለኝ። «ሰጥተንህ ነበር።»

ከዚያ ዞሮ ከልጆቹ ጋር ውሃ ሊጠጣ ሄደ።